መብራት ሲጠፋ የማይቆም ሰዓት

በዚህ ዓምድ ስለ ቤትና ስለ መሥሪያ ቤት ዕቃዎች ምርጫ መጻፋችን የተለመደ ነው። ለዛሬ የመረጥነው ዕቃ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ዋጋውም አነስተኛ የሆነ፣ ነገር ግን ሥራውን ካጐደለ የብዙ ሰው ድካም ከንቱ የሚያደርግ ነው። ይኸውም የኤሌክትሪክ ኀይል በተቋረጠ ጊዜ በትንሽ ባትሪ እየተረዳ ሰዓትና ቀን መቍጠሩን የሚቀጥለው ቺፕ ነው። ማይክሮኮንትሮለር በሚባለው፣ ትእዛዝ ተጽፎለት መሣሪያ በሚመራው ቺፕ ልዩ ልዩ ነገር የሚሠሩ ወጣቶች በየትምህርት ቤቱና በየሙያ ማሠልጠኛው ይገኛሉ፤ እንዲህ ላለው ሥራ ገንዘብ የሚፈቅዱ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎችም አሉ። ስለዚህ የትኛው የሰዓት ቺፕ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ለሠሪውም ለፈቃጁም የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ሥራ ለምሳሌ እንያዝ። በቆላ አገር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ አለ እንበል። የማቀዝቀዣው ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን እንዳለበት የጤና ባለሙያዎች ሁሉ ያውቁታል። እንደ ፖሊዮ ጠብታ ያለውን ክትባት ሙቀት ያበላሸዋል፤ እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያለውን ደግሞ ብርዱ በዝቶ በረዶ ሲሆን ይበላሽበታል። የክትባት መበላሸት ብዙ ጊዜ በዐይን አይለይም። ሕፃኑ ተወግቶ ይሄዳል፤ እናቲቱም ልጄ ከበሽታ ተጠበቀልኝ ብላ ታምናለች፤ እምነቷ ግን መሠረት የለውም። ይህ እንዳይሆን በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን ሙቀት በየዐሥር ደቂቃው እየለካ የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለ30 ቀን የሙቀት መዝጋቢዎች ባወጣው መመዘኛ፣ መሣሪያው የሚያስጠነቅቀው ሙቀቱ ከ8 ዲግሪ በላይ ሆኖ 10 ሰዓት ሳያቋርጥ ሲቈይ፣ ወይም ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪና ከዚያም በታች ወርዶ 60 ደቂቃ ሲቈይ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የሚለካው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ የቈየበት ሰዓትም አብሮ ይለካል። ሰዓቱ ከጠፋ የሙቀቱ ቍጥር ብቻውን ምንም አይናገርም።

አሁን መብራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ሄዶ በማግሥቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተመልሶ መጣ እንበል። (አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን «መብራት ሄደ»፣ «መብራት መጣ» የሚለውን አነጋገር ይያዙት። ቀትር ላይም ቢሆን፣ አምፑል ባይበራም፣ የኤሌክትሪክ ኀይል ሁሉ በሕዝቡ አነጋገር «መብራት» ይባላል።) መዝጋቢው መሣሪያ ከዚያው ከግድግዳው ኀይል የሚመገብ ከሆነ እሱም ከማቀዝቀዣው ጋር ተኝቶ ያድራል። ጠዋት ሲነቃ የሚቈጥር ሰዓት ካለው፣ የመጨረሻው ልክ ማታ በ2 ሰዓት 5 ዲግሪ እንደ ነበረ፣ አሁን 13 ዲግሪ እንደ ሆነ፣ በመካከሉም 12 ሰዓት እንዳለፈ ያውቃል፤ ነርሷም ክትባቱን ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ለበላይ ያስታውቃሉ። ሰዓት ከሌለው ግን ማይክሮኮንትሮለሩ ቈጠራውን ካቆመበት ይቀጥላል ወይም ከዜሮ ይጀምራል፤ 13 ዲግሪውንም ከ5 ዲግሪው ቀጥሎ፣ ዐሥር ደቂቃ ብቻ እንዳለፈ አድርጎ ይጽፈዋል። መዝገቡን ያየ ተቈጣጣሪ የማቀዝቀዣው በር ተከፍቶ ነበር ብሎ ያልፈዋል። በዚህ ሁኔታ 12ቱ ሰዓት ከመዝገቡ ጠፍቶ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እናስገባለን። በትምህርት ቤት የተሠራ መሣሪያ ተመርምሮ የተፈቀደውን መዝጋቢ የሚተካ አይደለም፤ ከጎኑ ቆሞ የሚረዳ፣ ተማሪውንም የሚያስተምር ነው። የተፈቀደው መሣሪያ ከቦታው እንዳይነሣ።

ወደ ቺፑ እንመለስ። በውስጡ ወይም በአጠገቡ ከኳርትዝ ድንጋይ የተቈረጠ፣ ክሪስታል የሚባል ትንሽ ስንጣሪ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህ ቍጥር በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። 32,768ን ለሁለት ቢከፍሉት፣ የተገኘውንም እንደ ገና ለሁለት ቢከፍሉት፣ እንዲህ እያሉ 15 ጊዜ ቢያደርጉት አንድ ይቀራል፤ ያም አንድ ሴኮንድ ነው። ለሁለት መክፈል ለቺፕ ከሥራ ሁሉ የቀለለ ስለ ሆነ ቈጠራው የሚጠይቀው ኀይል እጅግ ጥቂት ነው።

ክሪስታሉ ግን ሁልጊዜ ዝንፍ የማይል አይደለም። የተራ ክሪስታል ስሕተት በሚሊዮን 20 ያህል ነው ይባላል፤ ይህም በቀን ወደ 1.7 ሴኮንድ፣ በወር 52 ሴኮንድ፣ በዓመት ደግሞ ወደ 10 ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። ሰዓቱ በዚህ ልክ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ከዚህም በቀር ክሪስታሉ የተስተካከለው ለ25 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ከዚያ ሲርቅ፣ ሙቀትም ይሁን ብርድ፣ ሁልጊዜ ይዘገያል። የመዘግየቱም ልክ እንደ ልዩነቱ ካሬ ነው፤ ልዩነቱ እጥፍ ሲሆን መዘግየቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጥላ ሥር 45 ዲግሪ በሚሆንበት ክፍል ውስጥ ልዩነቱ 20 ዲግሪ ነው፤ ይህም በሚሊዮን ወደ 14 የሚሆን መዘግየት ይጨምራል። ሁለቱ ስሕተት በአንድ ወገን ቢገጥሙ በዓመት ከ17 ደቂቃ ያልፋሉ። በአፋር ቆላ ወይም በምፅዋ ጠረፍ የተቀመጠ ሰዓት በደጋ ከተቀመጠው መንትያው ቢለይ ድንቅ አይደለም።

ስለ ሰዓት ቺፕ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ነገር ከሁሉ አስቀድመው ያነሣሉ፤ ሻጮችም በዚሁ ይመካሉ። እኛ ግን ለዚህ ሥራ ትክክለኛነት ከሚገባው በላይ የተመሰገነ ይመስለናል። የ10 ሰዓት መቈየት በሚለካበት መዝገብ ላይ የወር አንዲት ደቂቃ ስሕተት የሚጐዳው ነገር የለም። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚጐበኝ ሰው ሰዓቱን ቢያስተካክለው ይበቃል። ተራው ክሪስታል የሚወድቅበት ሥራ መሣሪያዎች በብዙ ቦታ ተበትነው የመዘገቡት እርስ በርሱ በሚተያይበት፣ ወይም የሚያስተካክል ሰው ለዓመታት በማይደርስበት ስፍራ ነው። በምርጫ ጊዜ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፤ ቺፑ ኀይል ሲቋረጥ ራሱ ወደ ባትሪ ይሻገራልን? ከማይክሮኮንትሮለሩ ቮልቴጅ ጋር ይስማማልን? ከሁሉም በላይ፣ ባትሪው አልቆ ቈጠራው ተቋርጦ ከሆነ፣ ቺፑ ይህን ይናገራልን?

በዚህ መመዘኛ በገበያ የሚገኙትን እንያቸው። በትምህርት ቤት ሥራዎች እጅግ የታወቀው ዲ ኤስ 1307 ነው። ይህን ያወጣው ዳላስ ሴሚኮንዳክተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር፤ ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወደ ማክሲም፣ ማክሲምም በ2021 ወደ አናሎግ ዲቫይስስ ስለ ተጠቃለለ ዛሬ በዚሁ በመጨረሻው ስም ይሸጣል። ቺፑ ቀላል ነው፤ በባትሪ ሲሠራ የሚወስደው ከ500 ናኖአምፔር አይበልጥም፤ 56 ባይት ማስታወሻም አለው። ነገር ግን ዋናው ኀይሉ ከ4.5 እስከ 5.5 ቮልት ካልሆነ አይሠራም። ብዙዎቹ አዳዲስ ማይክሮኮንትሮለሮች የሚሠሩት በ3.3 ቮልት ነው። ይህ ቺፕ ዋናው ኀይል ከባትሪው በአንድ ከሩብ እጥፍ በታች ሲወርድ መብራት ሄደ ብሎ በሩን ይዘጋል። ባትሪው 3 ቮልት ከሆነ ወሰኑ 3.75 ቮልት ነው። እንግዲህ በ3.3 ቮልት የተገናኘ ሰው ቺፑ ስለማይመልስለት የተበላሸ ይመስለዋል፤ ቺፑ ግን እንደ ተሠራበት ሕግ መተኛቱ ነው። ክሪስታሉም ከውጭ የሚገጠም ስለ ሆነ፣ ከቺፑ እጅግ ቀርቦ፣ ሌሎች ሽቦዎች በአጠገቡ ሳያልፉ፣ የብየዳው ቅሬታም በደንብ ተጠርጎ ካልተሠራ ቈጠራው ይዛባል።

ሁለተኛው በፊሊፕስ ዘመን የታወቀው፣ ዛሬ ኤን ኤክስ ፒ የሚሸጠው ፒ ሲ ኤፍ 8563 ነው። ኀይል አይፈጅም፤ በ3 ቮልት ሩብ ማይክሮአምፔር ያህል ብቻ ይወስዳል። የባትሪ እግር ግን የለውም። ስለዚህ ዋናውንና ባትሪውን በሁለት ዲዮድ የሚያገናኘው ሠሪው ራሱ ነው። ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ሲሆን ለጀማሪ የስሕተት በር ነው። የዚሁ ወገን የሆነው ፒ ሲ ኤፍ 8523 የባትሪ እግር አለው፤ ሆኖም ሲገዛ ወደ ባትሪ መሻገሪያው ተዘግቶ ነው የሚመጣው። በፕሮግራሙ ውስጥ ሦስተኛው የመቈጣጠሪያ መዝገብ ተጽፎ ካልተከፈተለት፣ ባትሪው በቦታው ተቀምጦ ሳለ መብራት ሲሄድ ሰዓቱ ይቆማል። ብዙ ሰው ባትሪውን ደጋግሞ ይለውጣል እንጂ ይህን አያስብም።

ሦስተኛው ዲ ኤስ 3231 ነው። ክሪስታሉ በዚያው በቺፑ ውስጥ ታሽጎ ይኖራል፤ የሙቀት መለኪያም አብሮት አለ። በየ64 ሴኮንዱ ሙቀቱን ይለካና ክሪስታሉ ምን ያህል እንደሚዘገይ ዐውቆ ያርመዋል። ከዜሮ እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስሕተቱ በሚሊዮን ከ2፣ ከዚያ ውጭም ከ3.5 አያልፍም ተብሎ ዋስትና ተሰጥቶበታል፤ ይህም በዓመት ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከ2.3 እስከ 5.5 ቮልት ስለሚሠራ ከአሮጌውም ከአዲሱም ማይክሮኮንትሮለር ጋር ይስማማል፤ ወደ ባትሪ መሻገሩንም ያለ ምንም ትእዛዝ ይፈጽማል። የቤቱንም ሙቀት ይነግራል፤ ግን እስከ 3 ዲግሪ ሊሳሳት ስለሚችል ለክትባት ማቀዝቀዣ መለኪያ አድርጎ መውሰድ ከቶ አይገባም። ለመዝጋቢው የራሱ መለኪያ ይግዛለት።

ኀይል እጅግ ለሚቈጠብበት ሥራ ደግሞ የስዊሱ ማይክሮ ክሪስታል የሚሠራው አር ቪ 3028 አለ፤ 45 ናኖአምፔር ብቻ ይበቃዋል። ትንሽነቱ ግን ለእጅ ብየዳ ስለማይመች ለተማሪ አንመክረውም። አንዳንድ ማይክሮኮንትሮለሮችም የራሳቸው ሰዓት ቈጣሪና የባትሪ እግር አላቸው፤ እነዚህን የያዘ ሰው ከውጭ ቺፕ ሳይገዛ ክሪስታልና ባትሪ ብቻ ጨምሮ ሊሠራ ይችላል። በትምህርት ቤት የተለመደው የአርዱዊኖ ኡኖ ቺፕ ግን የቀን መቍጠሪያ ሰዓት የለውም።

የእኛ ምርጫ ዲ ኤስ 3231 ነው፤ ምክንያታችንም በዋናው ትክክለኛነቱ አይደለም። በውስጡ የሁኔታ መዝገብ የሚባል አለ፤ የዚህም ከፍተኛው ቢት ቈጠራው በማናቸውም ምክንያት አንድ ጊዜ ከቆመ ራሱ ይበራል፤ ሰው እስኪያጠፋውም ድረስ እንደ በራ ይኖራል። ባትሪው አልቆ መብራት ሄዶ ሰዓቱ ከቆመ በኋላ መብራት ቢመጣ፣ ቺፑ አንድ ሰዓትና አንድ ቀን ይናገራል፤ ነገር ግን «ይህን የምናገረውን አትመኑኝ» የሚለው ምልክት አብሮ ይቆማል። በፒ ሲ ኤፍ 8563ም እንዲህ ያለ ምልክት በሴኮንዱ መዝገብ ላይ አለ። ዲ ኤስ 1307 ግን ቈጠራውን ማስቆሚያ ቢት እንጂ መቆሙን የሚመሰክር ምልክት የለውም፤ ኀይል ፈጽሞ አጥቶ እንደ አዲስ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2000 ዓ.ም. ጃንዋሪ 1 ላይ ቆሞ ይገኛል፤ ሰውም ቀኑን አይቶ ይጠረጥራል።

የሚያሳዝነው ግን ይህ ምልክት ቢኖርም ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አያነቡትም። ከዚያም የባሰ አለ፤ ማይክሮኮንትሮለሩ በተነሣ ቍጥር ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ቀን ወደ ቺፑ የሚገለብጥ፣ ምልክቱንም የሚያጠፋ ፕሮግራም አለ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም መብራት በሄደና በመጣ ቍጥር ደኅና ሲቈጥር ያደረውን ሰዓት በአሮጌ ቀን ይተካዋል። ቺፑ ያማረ፣ ባትሪውም አዲስ ሳለ መዝገቡ ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ ሥራ የሚያስፈጽም ኀላፊ መሣሪያውን ሲረከብ፣ «የቆመ እንደ ሆነ በምን ዐውቃለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ትክክለኛው መልስ መሣሪያው ምልክቱን አንብቦ በመዝገቡ ላይ «ሰዓቱ የማይታመን» ብሎ ይጽፋል፣ ቀይ መብራትም ያበራል፣ ሰው እስኪያስተካክለውም ድረስ ቀን አይጽፍም የሚል ነው። ሰዓት እንደሌለው የሚያምን መሣሪያ የተሳሳተ ሰዓት በድፍረት ከሚናገረው ይልቅ ለነርሷ ይጠቅማቸዋል፤ ቢያንስ ማታ መብራት መሄዱን ሌላ ሰው ይጠይቃሉና።

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ፤ አደጋም ያለው እዚህ ነው። ተማሪዎች ቺፑን ለብቻው የሚገዙት ጥቂት ጊዜ ነው፤ የሚገዙት በትንሽ ሰሌዳ ላይ ተበይዶ ከባትሪ መያዣ ጋር የመጣውን ነው። ዜድ ኤስ 042 የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ በብዛት ይሸጣል። በዚህ ሰሌዳ ላይ ከዋናው ኀይል ወደ ባትሪው የሚሄድ አንድ ዲዮድና አንድ የ200 ኦም ሬዚስተር አለ፤ የተሠራውም ኤል አይ አር 2032 ለሚባለው፣ እንደ ገና ለሚሞላው ባትሪ ነው። በገበያ በቀላሉ የሚገኘው ግን ሲ አር 2032 ነው። ሁለቱ በመልክና በመጠን አንድ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን የሚሞላ አይደለም። ሰሌዳው በ5 ቮልት ሲሠራ ይህ የማይሞላ ባትሪ ሌት ተቀን ኀይል ይጋትበታል፤ ያብጣል፣ ያፈሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የሚሞላው ባትሪ እንኳ ከ4.2 ቮልት በላይ ስለማይገባው ይህ አሞላል አይስማማውም። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ያን ሬዚስተር በመበየጃ አሙቆ መንቀልና ሲ አር 2032ን ማስገባት። ሰሌዳውን በ3.3 ቮልት የሚያሠራ ሰው አደጋው ባያገኘውም ሌላ ሰው ነገ በ5 ቮልት ሊያገናኘው ስለሚችል ነቅሎ ቢያስቀምጠው ይሻላል።

ይህ ጽሑፍ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ እንደ ወጣ አንዘነጋምና ለእናቶችና ለአባቶች አንድ ቃል እንጨምር። ሳንቲም የሚያህለው ባትሪ ለሕፃን አፍ ይመቻል። ሕፃን ውጦት በጉሮሮ ከተሰነቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ብርቱ ቍስል ሊያደርስ ይችላል፤ ያለቀ የሚመስል ባትሪም ለዚህ በቂ ኀይል አለው። ውጧል ተብሎ የተጠረጠረ ሕፃን፣ ምንም ምልክት ባይታይበትም፣ እንዲያስመልስ ሳይደረግ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። በቤት ውስጥ መሣሪያ የሚሠራ ልጅ ያላቸው ወላጆች አዲሱንም ያለቀውንም ባትሪ የት እንደሚያስቀምጥ ይጠይቁት።

ባትሪው ስንት ጊዜ ይቈያል ለሚለው፣ ሲ አር 2032 የሚይዘው ወደ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ዲ ኤስ 3231 በባትሪ ሲሠራ እንደ ልማዱ አንድ ማይክሮአምፔር አይሞላም፤ ቢበዛ 3 ቢወስድ እንኳ ባትሪው ሳያቋርጥ ከ8 ዓመት በላይ ይችላል። መብራት ሲኖር ደግሞ ባትሪው አይነካም። በወረቀት ላይ ያለው ሒሳብ ይህ ነው፤ ነገር ግን ባትሪ ሳይነካም ያረጃል፤ ሙቀትም ያፋጥነዋል። በቆላ አገር በየ4 ወይም በየ5 ዓመቱ ቢለወጥ መልካም ነው እንላለን። ሲለወጥም ዋናው ኀይል እንደ በራ ይሁን፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያጣ ሰዓት ይቆማልና። የተለወጠበትንም ቀን በመያዣው ላይ በወረቀት ጽፎ መለጠፍ ነው።

የቀረው ነገር የቀን አቈጣጠር ነው፤ በዚህም ላይ የአገራችን ሠሪዎች ሲቸገሩ እናያለን። ቺፑ የሚያውቀው የአውሮፓን የቀን መቍጠሪያ ብቻ ነው። ለተመልካች እንዲመች ተብሎ ኢትዮጵያዊው ቀን በቀጥታ ቢጻፍበት፣ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ መስሎት ጥቅምትን በ28 ይጨርስና በማግሥቱ ኅዳር 1 ይላል፤ መስከረምንም 31 ቀን ያደርገዋል፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ስለማያውቅ ጳጉሜን ፈጽሞ የለችም። ስለዚህ በቺፑ ውስጥ የሚጻፈው የግሪንዊች ሰዓትና የአውሮፓ ቀን ይሁን፤ ለሰው ዐይን ሲወጣ ብቻ በፕሮግራም ይለወጥ። ልወጣውም አስቸጋሪ አይደለም። መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። ለምሳሌ የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለ ነበረች የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ በግሪንዊች 4 ሰዓት ሲሆን በምሥራቅ አፍሪካ የአውሮፓው አቈጣጠር 7 ሰዓት፣ በሕዝቡ አነጋገር ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ይህን የሚያደርግ መሣሪያ በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ቀን፣ በአሥመራ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በተለመደው በአውሮፓ ቀን ሊያሳይ ይችላል፤ ከውስጡ ያለው መዝገብ ግን አንድ ነው። ከላይ የጠቀስነውም የ12 ሰዓት ሌሊት እንዲህ ባለው መዝገብ ሲቀነስ ያለ ክርክር 12 ይመጣል።

ፕሮግራሙን ለሚጽፉት ሌላ ጥቂት ነገር። ሴኮንዱን፣ ደቂቃውንና ሰዓቱን በተለያየ ጊዜ ሳይሆን በአንድ ንባብ ያንብቧቸው። 2 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ላይ ሴኮንዱን አንብቦ ደቂቃውን ትንሽ ቈይቶ የሚያነብ ፕሮግራም አንድ ደቂቃ ሊስት ይችላል፤ ቺፑ በአንድ ንባብ ለሚጠይቀው ግን የዚያችን ቅጽበት ግልባጭ ይሰጠዋል። በመቈጣጠሪያውም መዝገብ ላይ ያለው ከፍተኛው ቢት ከበራ ዲ ኤስ 3231 በባትሪ ጊዜ እንዲቆም ስለሚታዘዝ ሁልጊዜ ዜሮ ይሁን።

መሣሪያው ወደ ጤና ጣቢያው ከመላኩ በፊት ሁለት ፈተና ይደረግበት። በመጀመሪያ ሰዓቱ ከታመነ ሰዓት ጋር ከተስተካከለ በኋላ ከግድግዳው ይነቀልና ሦስት ቀን ይቀመጥ፤ ሲመለስ ከሴኮንድ በላይ መሳት የለበትም። ደቂቃዎች የሳተ እንደ ሆነ ቺፑ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላልና ወደ ሻጩ ይመለስ። ከዚያም ሆነ ተብሎ ኀይሉም ይነቀል፤ ባትሪውም ይውጣ፤ አንድ ሰዓት ቈይቶ ሁለቱም ይመለሱ። በዚህ ጊዜ ቀይ መብራቱ ካልበራ፣ በመዝገቡም ላይ «ሰዓቱ የማይታመን» የሚለው ቃል ካልተጻፈ፣ ተረካቢው ሳይፈርም ለሠሪው ይመልሰው።